እንግሊዝ አገር፦ ጓሮ ውስጥ ወይም የራስ መሬት ላይ ካራቫንና ሞባይል ሆም ለማስቀመጥ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ማህሌት_ኤም

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ መውጣት ከብዷታል። መኝታ ክፍሎቻችን ደግሞ በሙሉ ፎቅ ላይ ናቸው። ጓሯችን ሰፊ ስለሆነ አንድ ሞባይል ሆም (ተንቀሳቃሽ ቤት) አስመጥተን እዚያ እንድታርፍ አስበናል። ሻጩ «ጎማ ስላለው ፈቃድ አያስፈልገውም፣ እንደ መኪና ነው» ይለናል። ጎረቤታችን «ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) መጥቶ ያስነሣችኋል» አለን። ባለቤቴ ቀብድ ሊከፍል ተነሥቷል። እኔ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ ከወጣ በኋላ አንሡ ብንባል ምን ይውጠናል ብዬ ፈራሁ። የምንኖረው ኢንግላንድ ውስጥ ነው። ቤቱ የራሳችን ነው፣ ሞርጌጅ አለበት። ሕጉን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ሰናይት_ለ

ማሂዬ፣ እማማን እግዜር ይማርልሽ። የሻጩን ወሬ ብቻ ይዘሽ እንዳትገቢ፤ እሱ ሸጦ ነው የሚሄደው። ወንድሜም ስለዚሁ ጉዳይ ሲያወራ ነበርና መልሱን እከታተላለሁ።

ቢኒ_ፕላን

ማህሌት፣ ቀብዱን ለጊዜው አቆዩት። ሥራዬ የፕላኒንግ፣ ማለትም የግንባታና የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ፣ ማመልከቻ ማዘጋጀት ነው፤ ይሄ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። የምጽፈው ስለ ኢንግላንድ ብቻ ነው። ዌልስና ስኮትላንድ በአንዳንድ ነጥብ ይለያሉ።

ሻጩ የሰጣችሁ መልስ ላንቺ ሁኔታ ትክክል ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ግን የተሳሳተ ነው፤ እሱን ይዘሽ ካውንስል ፊት ብትቀርቢ አያዋጣሽም። ሕጉ ጎማ አይቆጥርም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ያመጣሽው ነገር በሕግ ዓይን ካራቫን ነው ወይስ ሕንፃ? መሬቱንስ ለምን ልትጠቀሚበት ነው?

የካራቫን ትርጉም ያለው እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የካራቫን ሳይቶች ሕግ ውስጥ ነው። ለሰው መኖሪያ የተሠራ፣ ተጎትቶ ወይም ተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ ከቦታ ቦታ መሄድ የሚችል ነገር ካራቫን ነው። ስለዚህ በክሬን ተነሥቶ ሎሪ ላይ የሚጫን ሞባይል ሆምም ካራቫን ነው። በ1968 የወጣው ሕግ ደግሞ ሁለት ግማሽ ሆነው መጥተው ቦታው ላይ በቡሎን የሚገጣጠሙትን ጨመረ። እነዚህ የልክ ገደብ አላቸው። አሁን ኢንግላንድ ውስጥ ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 6.8 ሜትር፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በውስጥ በኩል 3.05 ሜትር ነው። ከዚህ ካለፈ ካራቫን መሆኑ ይቀራል። ተለይተው መጥተው የሚገጣጠሙት ቁራጮችም (የመኝታ ክፍሎቹን ማለቴ አይደለም) ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። ከተገጠሙ በኋላም ሙሉው ነገር በመንገድ ሊጓጓዝ የሚችል መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጣውላና ፓነል ጓሮ ውስጥ አራግፈው አንድ በአንድ እየቸነከሩ የሚያቆሙት ሎግ ካቢን አለ። ሻጩ ሞባይል ሆም ብሎ ይጠራዋል። አሠራሩ የሁለት ቁራጩን መመዘኛ ካላሟላ ግን ሕንፃ ነው፣ የሕንፃ ፈቃድም ሊጠየቅበት ይችላል። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ቁራጭ ሆኖ ነው የሚመጣው? ልኩ ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱት።

አሁን ወደ ዋናው። የ1990ው የፕላኒንግ ሕግ ፈቃድ የሚፈልገው ወይ ግንባታ ሲኖር ነው፣ ወይ የመሬቱ አጠቃቀም በጉልህ ሲለወጥ። ካራቫን ማስቀመጥ እንደ ደንቡ ግንባታ አይደለም፤ የመሬት አጠቃቀም ጉዳይ ነው። ታዲያ ጓሮሽ ድሮም የመኖሪያ ግቢ ነው። እማማ ከናንተ ጋር እየበሉ፣ እየዋሉ፣ የልጅ ልጅ እያጫወቱ፣ ማታ እዚያ ገብተው ቢተኙ ግቢው አሁንም የዚያው ቤት ግቢ ነው። የተለወጠ አጠቃቀም ስለሌለ ፈቃድ አያስፈልግም።

የራሳቸው ኪችንና ሻወር ቢኖራቸውስ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ አትልስፎርድ የተባለ አውራጃ ካውንስል ይህንኑ ጥያቄ ፍርድ ቤት ወስዶት ነበር። ጉዳዩ ለአረጋዊ ዘመድ ስለተዘጋጀ ጋራዥ ነው። ለብቻ ለመኖር የሚያስችል ሁሉ መሟላቱ ብቻውን ሌላ ቤት አያሰኘውም ተብሎ ተወሰነ። የሚታየው በተግባር እንዴት እንደሚኖርበት ነው። ስለዚህ አጥር ካጠራችሁለት፣ የራሱ በርና የቤት ቁጥር ካወጣችሁለት፣ የራሱን ውል ከመብራት ድርጅት ጋር ካስገባችሁለት፣ ሌላ ቤት እየመሰለ ይሄዳል። አከራያችሁት ማለት ደግሞ ምንም ክርክር የለውም፤ ሌላ ቤት ሆነ።

ዮናስ_ኬ

ለምን ታስጨንቋታላችሁ? አራት ዓመት ዝም ብሎ ከቆየ ካውንስሉ ምንም ማድረግ አይችልም። የማውቀው ሰው የእርሻ መሬት ላይ አስቀምጦ ነው የሚኖረው፣ ማንም አልጠየቀውም። ዛፍ ተክላችሁ ዝም በሉ።

ቢኒ_ፕላን

ዮናስ፣ ይሄን ምክር ማንም እንዳይከተል እለምናለሁ። ሰው ጥሪቱን ይከስርበታል።

የ4 ዓመቱ ገደብ ለግንባታና ሕንፃን ወደ መኖሪያ ቤት ለመለወጥ ነበር። ካራቫን ማስቀመጥ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ስለሆነ ድሮም የሚገዛው 10 ዓመት ነው። ከዚያ በላይ ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ወዲህ ኢንግላንድ ውስጥ የ4 ዓመቱ ራሱ ቀርቷል። ከዚያ ቀን በፊት ለተጠናቀቀ ነገር ካልሆነ በቀር ሁሉም 10 ዓመት ሆኗል። 10 ዓመቱም ሳይቋረጥ መሆን አለበት፣ ማስረጃ የሚያቀርበውም ባለመሬቱ ነው። ደረሰኝ፣ ፎቶ፣ የምስክር ቃል፣ ሁሉም ይጠየቃል።

መደበቁ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። ሰሪ (Surrey) በተባለ የኢንግላንድ ግዛት ውስጥ አንድ ገበሬ ትልቅ ቤት ሠርቶ በገለባ ክምር ሸፍኖት ነበር። አራት ዓመት ጠብቆ ገለባውን ገፈፈ። ፍርድ ቤቱ መሸፈኛው ራሱ የሥራው አካል ነው ብሎ ፈረደበትና በ2016 ቤቱ ፈረሰ። በ2011 ደግሞ ሱፕሪም ኮርት በሌላ ጉዳይ ሆን ብሎ ያታለለ ሰው በዓመት ገደቡ እንዳይጠቀም ወሰነ። በዚያው ዓመት የወጣው የሎካሊዝም ሕግ ደግሞ ካውንስሎች ተደብቆ የቆየ ነገር ሲያገኙ፣ ጊዜው ቢያልፍም እንኳ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ሄደው እንዲያስፈቅዱ አደረገ። ለእማማ የሚሆን ቤት ከዛፍ ጀርባ በፍርሃት የሚኖሩበት መሆን የለበትም።

ሮዛ_ኬንት

ማህሌት፣ ፕላኒንጉ ቢያልፍም ሌላ በር አለ። የቤታችሁን የባለቤትነት ሰነድ አውጡና አንብቡ። ላንድ ሬጂስትሪ (የመሬት መዝገብ መሥሪያ ቤቱ) ኦንላይን በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። ኮቨናንት የሚሉት ገደብ አለ፤ ካውንስሉን አይመለከትም፣ የግል ውል ነው። የኛን ሰፈር የገነባው ድርጅት «ካራቫንም ሆነ ሞባይል ሆም በግቢው ውስጥ አይቀመጥም» ብሎ ጽፎበታል። አዳዲስ ሰፈሮች ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። አንዳንዱ ቤቱ ፊት ለፊት ማቆምን ብቻ ይከለክላል። የማስከበር መብት ያለው ጎረቤት ወይም ድርጅቱ ሊከሳችሁ ይችላል፣ የካውንስሉ ወረቀትም ከዚህ አያድናችሁም። እኛ ጠበቃ አማክረን ነው ሐሳባችንን የቀየርነው።

ሞርጌጅ የሰጣችሁን ባንክና የቤት ኢንሹራንሱንም ንገሯቸው። ኢንሹራንሱ በተለይ፣ እሳት ቢነሣ እንዳይክዷችሁ።

ማህሌት_ኤም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰነዱን ዛሬ አወጣዋለሁ። ቢኒ፣ ጓሯችን መጨረሻ ላይ አጥር አለ፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሣር ያለበት መሬት አለን፤ እሱም የኛ ነው። እዚያ ብናስቀምጠው ቤቱን አያጨናንቅም ብለን ነበር። ልዩነት አለው?

ቢኒ_ፕላን

በጣም አለው። ከላይ ያልኩት በሙሉ የሚሠራው ለቤቱ ግቢ ብቻ ነው፤ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚኖርበት፣ አበባ የተተከለበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ቦታ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው መሬት በስማችሁ ቢሆንም ታሪኩ የግጦሽ ወይም የእርሻ ከሆነ ግቢ አይደለም። እዚያ የሚኖሩበት ካራቫን ማስገባት ከእርሻ ወደ መኖሪያ መለወጥ ነው፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የአንድ ባለቤት መሆኑ ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም። አጥሩ የት እንደነበረ በድሮ የሳተላይት ፎቶ ያዩታል። ከቤቱ ሳትርቁ፣ ከአጥሩ ወዲህ አድርጉት።

ጋሽ_ታደሰ

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። እኔም ልጠይቅ። ሦስት ኤከር የግጦሽ መሬት ገዝቻለሁ፣ በጎች አሉኝ። አንድ አሮጌ ካራቫን አስገብቼ መኖ ላስቀምጥበት፣ ዝናብ ሲመጣ ልጠለልበት፣ ሻይ ላፈላበት እፈልጋለሁ። በጎቹ በሚወልዱበት ሰሞን ሌሊት ማደር ይኖራል። አንዳንዱ «በዓመት 28 ቀን ለማንም የተፈቀደ ነው» ይለኛል። እውነት ነው?

ቢኒ_ፕላን

ጋሼ፣ እንደምን ነዎት። የርስዎን በሦስት ከፍዬ ልመልስ፣ ምክንያቱም ሦስቱ በሕግ የተለያዩ ናቸው።

መኖ ማስቀመጥና መጠለል ችግር የለውም። በ1988 ዊልደን በተባለ አውራጃ ጉዳይ ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በእርሻ መሬት ላይ ለእንስሳት መኖና ለመጠለያ የዋለ ካራቫን የእርሻው ሥራ አካል ነው ብሏል። መሬቱ አሁንም እርሻ ነው። ካራቫን መምሰሉ አይደለም ጉዳዩ፣ አገልግሎቱ ነው። እርሻው ግን እውነተኛ መሆን አለበት። ሁለት በግ አስሮ ሳሎን የሚያክል ካራቫን ማስገባት አያስኬድም።

በወሊድ ሰሞን ማደሩን በተመለከተ፣ የ1960ው ሕግ መጨረሻ ላይ ያለው ዝርዝር ለርስዎ የሚሆን አንቀጽ አለው። በእርሻው ላይ የሚሠራ ሰው በተወሰነ የሥራ ወቅት የሚያድርበት ካራቫን የሳይት ላይሰንስ (ካራቫን ለሚቀመጥበት ቦታ ካውንስሉ የሚሰጠው ፈቃድ) አያስፈልገውም፣ የፕላኒንግ ፈቃዱም በመንግሥት ደንብ አስቀድሞ ተሰጥቷል። ወቅቱ ሲያልቅ ግን ማደሩም ያበቃል፣ ካራቫኑም መነሣት አለበት። መኖ የሚቀመጥበት የተለየ ነገር ነው፤ እሱ ይቆያል። የወሊዱን ሰሞን በማስታወሻ ይመዝግቡ፤ የበጎቹ መዝገብ ራሱ ማስረጃ ነው።

«28 ቀን ለማንም» የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። ለገበያ፣ ለድንኳን፣ ለዝግጅት የሚሆን አጠቃላይ የ28 ቀን ፈቃድ አለ፤ እሱ ውስጥ የካራቫን ሳይት በግልጽ ተከልክሏል። ካራቫን የራሱ 28 ቀን አለው፣ ሁኔታዎቹም ጠባብ ናቸው። አንደኛው መንገድ መንገደኛ ካራቫኑን ይዞ ገብቶ ከሁለት ሌሊት ሳያልፍ የሚሄድበት ነው፣ በ12 ወር ውስጥም ድምሩ ከ28 ቀን አይበልጥም። ሌላው መሬቱ 5 ኤከርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ያኔ እስከ ሦስት ካራቫን፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 28 ቀን ይቻላል። የርስዎ ሦስት ኤከር ስለሆነ ሁለተኛው አይሠራልዎትም። በ2023 የመጣው የ60 ቀን የካምፕ ፈቃድም ለድንኳንና ለካምፐርቫን (መኝታ ላለው መኪና) ነው፤ ተጎታች ካራቫን አይገባበትም።

ጋሽ_ታደሰ

ተባረክ ልጄ። የመሬቱ ደላላ «ለዊክኤንድ ካራቫን የሚመች» ብሎ ነበር ያስተዋወቀው።

ሮዛ_ኬንት

ጋሼ፣ ይሄ ነገር ያናድደኛል። ሜዳ ቆራርሰው ለብዙ ሰው ይሸጣሉ፣ ማስታወቂያው ላይ የካራቫን ፎቶ ይለጥፋሉ። ገዢው ብዙ ጊዜ ስደተኛ ነው፤ መሬት መያዝ የሕይወቱ ምኞት ነው። መሬቱ የራስ ነው ማለት እንደፈለጉ መጠቀም ማለት አይደለም። ካውንስሉ አርቲክል 4 የሚባል ትእዛዝ ካወጣበት ደግሞ ቢኒ የጠቀሳቸው አስቀድሞ የተፈቀዱ ነገሮችም ሊነሡ ይችላሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ የዚያን መሬት የፕላኒንግ ታሪክ ፈልጉ። ነፃ ነው።

ኤርሚያስ_85

እኔ ባዶ መሬት ላይ ቤት ልሠራ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ኪራዩ ስለከበደን ግንባታው እስኪያልቅ ከቤተሰቤ ጋር እዚያው ካራቫን ውስጥ ብንገባስ?

ቢኒ_ፕላን

ኤርሚያስ፣ በግንባታ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው እዚያው የሚያርፍበት ካራቫን ለጋሼ በጠቀስኩት በ1960ው ሕግ ዝርዝር ውስጥ ነፃ ተደርጓል። ሁለት ነገር ጠብቅ። የቤቱ ፈቃድ በእጅህ ያለና ሥራው በእውነት የሚካሄድ መሆን አለበት፤ መሠረት ቆፍሮ ለዓመታት መተው አይሆንም። ሁለተኛ፣ አንቀጹ የሚናገረው በሥራው ላይ ስላለ ሰው ነው። አንተ ራስህ እየሠራህ ወይም ሥራውን እየመራህ ካልሆነ ደካማ ነህ። ስለ ሚስትህና ልጆችህ ለካውንስሉ ኦፊሰር ቀድመህ ጻፍለት፣ መልሱንም አስቀምጥ። ቤቱ ሲያልቅ ካራቫኑ ይነሣል።

ማህሌት_ኤም

ሰነዱን አየሁት። ስለ ካራቫን የሚል ነገር የለበትም፣ ተመስገን። ባለቤቴም ቀብዱን ትቶታል። አሁን የቀረኝ፦ ከሥሩ ኮንክሪት ማፍሰስ ይቻላል? ውኃና ፍሳሽ ብናገናኘውስ? ክረምቱ እንዳይጎዳትም እሰጋለሁ።

ቢኒ_ፕላን

ውኃ፣ መብራትና ፍሳሽ ማገናኘት ብቻውን ሕንፃ አያደርገውም፤ በቀላሉ የሚነቀል ግንኙነት አድርጉት። ፍርድ ቤት ሕንፃ ነው ወይ ሲል መጠኑን፣ ዘላቂነቱንና ከመሬት ጋር ያለውን ትስስር ያያል። ስለዚህ በራሱ ክብደት የሚቀመጥ ይሁን። ዙሪያውን በጡብ አትገንቡት፣ ከቤቱ ጋር በጣሪያ አታያይዙት። ኮንክሪቱ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ለብቻው ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። መሬት ውስጥ የሚጠመዘዙ የብረት ምሰሶዎችም አሉ። የምትመርጡትን በማመልከቻው ውስጥ በሥዕል አሳዩ።

ስለ ብርዱ፣ ሲገዙ ቢኤስ 3632 የሚል ደረጃ ያለውን ጠይቁ። እሱ ዓመቱን ሙሉ ለመኖር የሚሠራ ነው፣ የሙቀት መከላከያው ወፍራም ነው። ለበዓልና ለዕረፍት የሚሠሩት በርካሽ ይገኛሉ፣ ግን ለአረጋዊ ሰው ጃንዋሪ ላይ አይሆኑም። እዚህ ላይ ባትቆጥቡ ደስ ይለኛል።

ሰናይት_ለ

«ማመልከቻ» አልክ፤ ፈቃድ አያስፈልግም አላልክም እንዴ?

ቢኒ_ፕላን

ጥሩ ጥያቄ ነው ሰናይት። የምለው የፈቃድ ማመልከቻ ሳይሆን የሕጋዊነት ማረጋገጫ ነው፤ ሰርቲፊኬት ኦፍ ላውፉልነስ ይሉታል። ካውንስሉን «ይሄን ባደርግ ሕጋዊ ነው ወይ?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ክፍያው የመደበኛው ፈቃድ ግማሽ ነው፣ ውሳኔው በ8 ሳምንት ውስጥ ይጠበቃል። እዚህ ካውንስሉ የሚመዝነው ሕጉን ብቻ ነው። ጎረቤት «እይታዬን ያበላሽብኛል» ቢል ለውሳኔው ቦታ የለውም። ግዴታ አይደለም። ግን ቤቱን ስትሸጡ የገዢው ጠበቃ የሚጠይቀው ይሄን ወረቀት ነው፣ ነገ ጎረቤት ቢከስም የሚያስቆመው እሱ ነው።

ማህሌት፣ ማመልከቻው ላይ የቦታውን ካርታ፣ የሞባይል ሆሙን ልክና የአገጣጠሙን መግለጫ ከሻጩ አያይዢ። እማማ ምሳና እራት የት እንደሚበሉ፣ ልብስ የት እንደሚታጠብ፣ ፖስታ በየትኛው በር እንደሚገባ በግልጽ ጻፊ። ተራ ነገር ይመስላል፣ ውሳኔው ግን በሱ ላይ ነው የሚቆመው። ቤታችሁ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ቀድመሽ ንገሪኝ።

ካውንስል ታክሱም ይነሣል። ገማቹ መሥሪያ ቤት ራሱን የቻለ ቤት ብሎ ከመዘገበው ታክስ ሊመጣ ይችላል። ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ጥገኛ ዘመድ የሚኖርበት ተጨማሪ ቤት ግን ነፃ የሚሆንበት ደንብ አለ፣ ያኔ ጠይቂ።

ሰናይት_ለ

የወንድሜ ነገር እንግዲህ አስጨነቀኝ። ጓሮው ያለውን ለተማሪ አከራይቶታል። ባለፈው ከካውንስሉ ደብዳቤ መጣ፣ ኢንፎርስመንት ኖቲስ (የማስገደጃ ማስታወቂያ) ይላል። መሳቢያ ውስጥ ከቶታል።

ቢኒ_ፕላን

ሰናይት፣ ዛሬውኑ ያውጣው። ደብዳቤው ላይ «ኖቲሱ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን» የሚል አለ፤ ከተሰጠው ቀን ቢያንስ 28 ቀን በኋላ ነው። ይግባኙ ከዚያ ቀን በፊት ፕላኒንግ ኢንስፔክቶሬት (የፕላኒንግ ይግባኝ የሚያየው መሥሪያ ቤት) መድረስ አለበት። አንድ ቀን ካለፈ አይቀበሉትም፣ ምክንያት አይሰሙም። በጊዜው ይግባኝ ካለ ጉዳዩ እስኪወሰን ኖቲሱ ይቆማል። ይግባኝ ሳይል ካለፈውና ደብዳቤው በሰጠው ጊዜ ውስጥ ካላስተካከለ ወንጀል ይሆናል፣ መቀጮውም ጣሪያ የለውም። እያከራየ ከሆነ የ1960ው ሕግ የሳይት ላይሰንስም ይጠይቃል፤ እሱ ከፕላኒንጉ ሌላ ነው፣ ያለ ፕላኒንግ ፈቃድም አይሰጥም።

ተማሪውን በድንገት እንዳያስወጣው፤ የተከራይ መብት አለበትና ጠበቃ ወይም ሲቲዝንስ አድቫይስን (ነፃ ምክር የሚሰጠውን ድርጅት) ያነጋግር። ቀኑን አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ እመለሳለሁ።